ለቤት ገዢው ምን ይነገረዋል? መቼስ ይነገረዋል?

በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ቤት የገዛ ወገናችን ሁሉ የርክክቡን ቀን ያስታውሰዋል። ያገሩ ሰዎች «ክሎዚንግ» ይሉታል። ገዢው ከጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው ሰው ወረቀቱን ገጽ በገጽ እያነሣ ያቀርብለታል፤ እሱም ጣቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ይፈርማል። ከነዚህ ወረቀቶች በአንደኛው ላይ የሁለት መድኖች ዋጋ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው መድን ገንዘቡን ላበደረው ባንክ የሚቆም ነው፤ ሁለተኛው ለገዢው ለራሱ የሚቆም ነው። በባንኩ መድን አጠገብ ምንም የተጨመረ ቃል የለም። በገዢው መድን አጠገብ ግን «እንደ ፈቃድዎ» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት ቃል በቅንፍ ተከባ ተቀምጣለች።

ይህችን ቃል እዚያ ያስቀመጣት ሕግ ነው፤ ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ሕግ ነው። የባዕድ አገር ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፥ በአንድ በኩል በዚያ ቤት የሚገዙ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። በሌላ በኩል ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ ተነገ ወዲያ ደንብ የሚያረቁ፥ ቅጽ የሚያዘጋጁ ስላሉ፥ አንድ መንግሥት ዜጋውን በመጠበቅ ፈንታ «አሳውቄሃለሁ» ማለትን ሲመርጥ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ማየቱ ይጠቅማል። የአሜሪካውን ስንጽፍ ዓመቱን በነሱ አቆጣጠር፥ ያገራችንን ስንጽፍ ባገራችን አቆጣጠር እናደርጋለን።

ለመሆኑ «ታይትል ኢንሹራንስ» የሚሉት የባለቤትነት መድን ምንድን ነው? የእሳትም ሆነ የመኪና መድን ወደፊት ለሚመጣ አደጋ የሚገባ ነው፤ ክፍያውም በየጊዜው ይታደሳል። የባለቤትነት መድን ግን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው። አረቦኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል፤ የሚጠብቀውም ገዢው ቤቱን ከመረከቡ በፊት ከተደረገና ተሰውሮ ከቆየ ነገር ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቤቱ ሲሸጥ የሚስትየው ፊርማ ተመሳስሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የሞተው ባለቤት ያልተጠራ ወራሽ ይኖረዋል። ጣራውን ያደሰው ሠራተኛ ገንዘቡን ሳያገኝ ቀርቶ በቤቱ ላይ ዕዳ አስመዝግቦ ይሆናል። ወይም ተከፍሎ ያለቀ አሮጌ ብድር ከመዝገቡ ሳይሰረዝ ቀርቷል። ከነዚህ አንዱ ሲገለጥ መድን ሰጪው ለባለቤቱ በፍርድ ቤት ይከራከርለታል፤ ቢረታም እስከ ውሉ ልክ ይክሰዋል።

እንዲህ ያለ መድን የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ያለው የመሬት መዝገብ ወረቀት ይቀበላል እንጂ ምስክር አይሆንም። የሽያጭ ውል የያዘ ሰው ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ሄዶ ያስመዘግባል፤ ጸሐፊውም ማኅተም ያደርግበታል። «የቤቱ ባለቤት እገሌ ነው» ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን ግን የለም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ወረቀቱን ወደ ኋላ እየገለበጠ ራሱ ይደርስበታል።

በዚህ ፍለጋ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን በ1868 በፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ፤ ዋትሰን የሚባል ገዢ ሚዩርሄድ የሚባለውን ውል አዋዋይ የከሰሰበት ነው። አዋዋዩ መዝገቡን ሲመረምር በቀድሞው ባለቤት ላይ የተፈረደ ዕዳ አገኘ፤ ጠበቃ ጠይቆም «ይህ ዕዳ ቤቱን አይነካም» የሚል ምክር ተቀበለ፤ ገዢውም በዚሁ ተማምኖ ገዛ። በኋላ ግን ዕዳው ቤቱን የሚነካ ሆኖ ተገኘና ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ፍርድ ቤቱም አዋዋዩ በቅን ልቡና የጠበቃ ምክር ይዞ ስለሠራ ቸልተኛ አይባልም ሲል በነፃ አሰናበተው። እንግዲህ አዋዋዩ አልበደለም፥ ጠበቃውም የመሰለውን ተናገረ፤ ገዢው ግን ገንዘቡን አጣ። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በ1874 ባወጣው ሕግ ለዚህ ሥራ ኩባንያ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ በ1876 በፊላደልፊያ ከተማ የመጀመሪያው የባለቤትነት መድን ኩባንያ ተከፈተ። የመድኑ መሠረት ይህ ነው፤ ማንም ሳያጠፋ ጉዳት ቢደርስ ጉዳቱን የሚሸከም ይኑር የሚል።

ከዚያ ወዲህ ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ፊቱን ከገዢው ወደ ባንኩ አዞረ። ዛሬ በብድር ቤት የሚገዛ ሰው ለባንኩ መድን ካልገዛ ብድሩን አያገኝም ማለት ይቻላል። ይህ የባንኩ መድን የሚጠብቀው ያልተከፈለውን ብድር ያህል ነው፤ ዕዳው እየተከፈለ ሲሄድ እሱም አብሮ ይቀንሳል። ገዢው ከኪሱ ያወጣው ቅድሚያ ክፍያና በየወሩ ሲከፍል የቆየው ገንዘብ በዚህ መድን ውስጥ የለም። ቤቱ በሌላ ሰው ቢወሰድበት ባንኩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ገዢው በሜዳ ይቀራል። ለራሱ የሚሆነው መድን ሁለተኛው ነው፤ እሱም ቤቱን እስከያዘ ድረስ፥ ከሱም በኋላ ለወራሾቹ ይጸናል። እንግዲህ ገዢው ለሌላ የሚከፍለው ግዴታ ሲሆን፥ ለራሱ የሚከፍለው «እንደ ፈቃድዎ» የተባለው ነው።

ቃሏ ሐሰት አይደለችም። ሕጉ ገዢውን ለራሱ መድን እንዲገባ አያስገድደውም፤ ሳይፈልግ እንዳይጫንበትም ማሳወቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምን እንደሆነ ላልተነገረው ሰው «እንደ ፈቃድዎ» ማለት «ቢቀርም ግድ የለም» እንደ ማለት ይሆንበታል። ገንዘቡ ባለቀበት ሰዓት ከዝርዝሩ ውስጥ የሚሰረዝ ነገር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሷው ላይ ነው።

የማሳወቁ ደንብ ራሱ እንዴት ተሠራ? በ1974 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ቤት ሽያጭ ርክክብ አንድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ሥራ አመጣህልኝ ተብሎ ለደላላ ወይም ለባንክ ሹም ጉርሻ መስጠትም ሆነ መቀበል ተከለከለ፤ ቅጣቱም እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። ደግሞም ሻጩ ገዢውን «መድኑን ከዚህ ኩባንያ ካልገዛህ» ብሎ ቢያስገድደው ለመድኑ የተከፈለውን ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በ2010 በወጣው ሕግ አንድ የፌዴራል የተጠቃሚዎች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ተቋቋመ፤ ይህም ቢሮ ቀድሞ የነበሩትን ድርብርብ ቅጾች አዋሕዶ ከጥቅምት 3 ቀን 2015 ጀምሮ ሁለት ወረቀቶች ሥራ ላይ እንዲውሉ አደረገ። የመጀመሪያው የብድር ግምት ነው፤ ማመልከቻው በገባ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለተበዳሪው ይላካል። ሁለተኛው የመዝጊያ መግለጫ ነው፤ ቢያንስ ከርክክቡ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ ከእጁ መግባት አለበት።

ከቀድሞው ጋር ሲተያይ መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀኑን እንቁጠረው። በዚያ አገር ገዢው ከሻጩ ጋር ሲዋዋል ርክክቡን የሚያስፈጽመው ድርጅት ስም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ይወሰናል። የመዝጊያው መግለጫ የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ፥ ዕቃው ተጠቅልሎ፥ የድሮው ቤት ኪራይ ተቋርጦ፥ የጭነት መኪናው ተቀጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ገዢው «ይህ አረቦን ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሌላ ድርጅት ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ሰውን አለማወቅ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የሽያጩ ውል ገዢው ርክክብ አስፈጻሚውን ራሱ የመምረጥ መብት እንዳለው የሚገልጽ ቃል እንዲይዝ ታዟል፤ እንዲሁም ለባለቤቱ የሚሆን መድን መኖሩ በጽሑፍ እንዲነገረው ተደንግጓል። ይህ ከፌዴራሉ ይልቅ በጊዜ የሚደርስ ማስታወቂያ ነው። የሚደርሰው ግን ገዢው ልቡ ስለ ወጥ ቤቱና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚያስብበት ሰዓት፥ በብዙ ገጽ ውል መካከል ተሰክቶ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ገዢው ባንኩ ከሰጠው የስም ዝርዝር ውስጥ አስፈጻሚ ከመረጠ፥ በግምቱ ላይ የታየው የዚህ ዓይነቱ ወጪ በጠቅላላው ከመቶ 10 በላይ እንዳይጨምር ደንቡ ያግደዋል። ከዝርዝሩ ውጭ ራሱ ፈልጎ ካገኘ ግን ይህ ገደብ ይነሣለታል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ባንኩ ባላወቀው ድርጅት ዋጋ ሊጠየቅ አይገባውም። ሆኖም ደንቡ «ዞረህ ተመልከት» ብሎ የመከረውን ሰው፥ ምክሩን በተቀበለ ጊዜ መከላከያውን ይነጥቀዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የባንኩና የገዢው መድን ከአንድ ድርጅት በአንድ ቀን ሲገዙ የባንኩ ዋጋ በብዙ ይቀንሳል፤ ፍለጋው አንድ ነውና። ለምሳሌ ያህል የባንኩ መድን ለብቻው 1,000 ዶላር፥ የገዢው 1,500 ዶላር ነው እንበል። ሁለቱ አብረው ሲገዙ የባንኩ ወደ 100 ይወርዳል፤ ስለዚህ ገዢው በጠቅላላው 1,600 ዶላር ይከፍላል። የፌዴራሉ ቅጽ ግን የባንኩን መድን በሙሉ ዋጋው በ1,000 እንዲጻፍ ያዛል፤ የገዢውን ደግሞ 1,500 እና 100 ደምሮ 1,000 በመቀነስ 600 ብሎ ያሳያል። ድምሩ ያው 1,600 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን አንዳቸውም መድን ሰጪው ያስከፈለውን ዋጋ አይናገሩም።

ደንቡን ያወጡትን ሰዎች ያለ ምክንያት አንወቅሳቸውም። ገዢው የራሱን መድን ቢተወው የሚተርፈው ገንዘብ በእርግጥ 600 ዶላር ነው፤ እነሱም ሊያሳዩት የፈለጉት ይህን ነው። አሳባቸው ትክክል ነው። ችግሩ ገዢው የዋጋ ዝርዝር ከድርጅቱ ተቀብሎ ከቅጹ ጋር ሲያስተያይ የማይገናኙ ቁጥሮች ማግኘቱ ነው። በቴክሳስ የአረቦኑን ልክ የሚወስነው የክፍለ ሀገሩ የመድን መሥሪያ ቤት ስለሆነ፥ ከፌዴራሉ ቅጽ ጎን እውነተኛውን አረቦን የሚያሳይ የክፍለ ሀገሩ ሌላ ቅጽ ተጨምሯል። ስለዚህ የቴክሳስ ገዢ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ፥ ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር የተጻፈባቸው፥ ሁለቱም ሕጋዊ የሆኑ ሁለት ወረቀቶች ይሰጡታል። ያውም አረቦኑ በሁሉም ድርጅት አንድ ዓይነት በሆነበት ክፍለ ሀገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ ስንት ነው? የምክር ቤቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፥ በ2005 ከተሰበሰበው አረቦን ለካሳና ለክርክር የዋለው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበር፤ በሌላው የንብረትና የአደጋ መድን ግን ከመቶ 70 በላይ ነው። ከአረቦኑ ከመቶ 70 ያህሉ የሚቀረው በወኪሎቹ ዘንድ ነው። ኩባንያዎቹ ሲመልሱ «እኛ ገንዘባችንን የምናወጣው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ መዝገብ መርምረን፥ ዕዳ አጥርተን፥ ስሕተት አርመን ስለምናስረክብ ካሳው ቢያንስ ሊደንቅ አይገባም» ይላሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ፍለጋው የሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ የዳነው ቤት ደግሞ በካሳ መዝገብ ላይ አይታይም። ነገር ግን ጥናቱ ያስተዋለው ሌላም ነገር አለ፤ የሚከፍለው ገዢው ሲሆን የሚመርጡለት ደላላውና ባንኩ ስለሆኑ፥ ኩባንያዎቹ የሚሻሙት የገዢውን ፍቅር ሳይሆን የመራጮቹን ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ የሚወርድበት ምክንያት ጥቂት ነው።

ሕጉ ለዚህም ማስታወቂያ አዘጋጅቷል። ደላላው ወይም አበዳሪው በሚመክረው የመድን ወኪል ውስጥ ድርሻ ካለው፥ ድርሻውን፥ የዋጋውን ግምትና ገዢው እዚያ የመሄድ ግዴታ የሌለበት መሆኑን በተለየ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት አለበት። ከዚህ ላይ ስለ ወገኖቻችን አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። በባዕድ አገር ቤት የሚገዛ ሰው በቋንቋው የሚያነጋግረውን፥ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር የሚያውቀውን ደላላ ይመርጣል፤ መልካም ያደርጋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው «ወንድሜ፥ እዚህ ላይ ፈርም፤ የተለመደ ነው» ሲለው «ከዚህ ድርጅት ጋር ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። ወረቀቱ ይሰጣል፥ ይፈረማል፥ ሕጉም ተፈጸመ ይባላል። ይሉኝታን የሚያሸንፍ ቅጽ ገና አልታተመም።

ደግሞ ማንም የማያነበው፥ ግን ከሁሉ ይልቅ መነበብ የሚገባው ወረቀት ሌላ ነው። መድን ሰጪው ከርክክቡ በፊት «በዚህ ሁኔታ መድን እገባለሁ» የሚልበት ሰነድ አለ፤ ከክፍሎቹም አንዱ መድኑ የማይነካቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ጎረቤት በግቢው ውስጥ የማለፍ መብት እንዳለው፥ የማዕድን መብቱ የሌላ ሰው መሆኑ፥ ወሰኑ ያልተለካ መሆኑ የሚጻፈው እዚያ ነው። ዋጋውን የሚነግረው ቅጽ ይህን አይነግርም። ገዢው ስለ ገንዘቡ ብዙ ይነገረዋል፤ በገንዘቡ ስለሚገዛው ነገር ግን ጥቂት።

ሌላ መንገድ አልነበረምን? ነበረ። የአዮዋ ክፍለ ሀገር የግል ኩባንያ ይህን መድን በውስጡ እንዳይሸጥ በ1947 ከለከለ፤ በ1985 ደግሞ የራሱን የዋስትና ድርጅት በመንግሥት አቋቋመ፤ ከወጪው የተረፈው ገንዘብም ለመኖሪያ ቤት ርዳታ ይውላል። ከዚህ የሚጠልቀው ግን በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ ያስጀመረው ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት መዝገቡ ራሱ ይናገራል፤ ስሙ የተመዘገበው ሰው ባለቤት ነው፤ መንግሥት ቢሳሳት መንግሥት ይክሳል። አሜሪካኖችም ሞክረውታል። በሚኒሶታ እስከ ዛሬ አለ። የቺካጎ ከተማ ባለችበት በኩክ አውራጃ ግን በ1990ዎቹ ተሻረ። በካሊፎርኒያም በ1930ዎቹ አንድ ክስ ብቻ የካሳውን ሣጥን ባዶ ስላደረገው፥ ሕጉ በ1955 ተሰርዟል። የመንግሥት ቃል ያለ ገንዘብ የሚቆመው እስከ መጀመሪያው ካሳ ጠያቂ ድረስ ነው።

በአገራችን መሬት የሕዝብና የመንግሥት ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱና ይዞታው ነው፤ የባለቤትነት መድንም ልማድ የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን በሰፊው ደንግጎ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ለኋላ ትቶት ነበር። ለከተማ ይዞታ የምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ሦስተኛ ወገን በቀድሞ መብቱ መጥቶ ቤቱን ቢወስደው ሻጩ ይጠየቃል። እንግዲህ የኛ ገዢ መድን ሻጩ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ያውም በአገር እስካለና ገንዘቡ እስካልተበተነ ድረስ። ዛሬ በአዲስ አበባ ከሚሸጡት ቤቶች ስንቱ ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ በውክልና የሚሸጥ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውሉ ከመጽደቁ በፊት ቤቱ በዕዳ ያልተያዘና በፍርድ ቤት ያልታገደ መሆኑ እንዲጣራ ያዛል። ከአሜሪካኖቹ ሰባት ዓይነት ማስታወቂያ ይልቅ ይህ አንድ ማጣሪያ ለገዢው የሚበልጥ መሆኑን ለመናገር አንፈራም፤ ገዢው እንዲያነብ የሚለምን ሳይሆን ሹሙ እንዲመረምር የሚያስገድድ ነውና። ነገር ግን ማጣሪያው የሚናገረው በላዩ ስለ ተጻፈው ቀን ነው። ወረቀቱ ወጥቶ ውሉ እስኪጸድቅ፥ ውሉም ጸድቆ ስሙ በመዝገብ እስኪዛወር ድረስ ባሉት ቀናት መካከል እግድ ቢገባ ማን ይችለዋል? አሜሪካኖቹ ይህን ክፍተት በስሙ ይጠሩታል፤ መድን ሰጪውም ይሸፍነዋል። በኛ ዘንድ እነዚያ ቀናት ስንት እንደሆኑ በማጣሪያው ወረቀት ላይ የሚጻፍበት መስመር ቢጨመር፥ ገዢው ገንዘቡን ከሻጩ እጅ የሚያደርስበትን ቀን ለመወሰን ይረዳዋል። ቅጹን የሚያዘጋጁት ሹማምንት ወጣቶች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ይህን ገጽ ያነባሉ።